ስድስት ሰዓት ወደኋላ የቀረው ፍሪጅ

ታኅሣሥ 2007 ዓ.ም.
ሚዛን ተፈሪ

ለክቡር አቶ ወርቅአፈራሁ
የክትባት ማከማቻው የበላይ ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

በቅድሚያ እንደምን ሰንብተዋል? ሰሞኑን በግቢው ሲያልፉ ደጋግመው ሲያስነጥሱ ስለሰማሁ፣ ሕመሙን ያመጣው በቢሮው ደጃፍ ከተሰጣው ቡና የሚነሣው አቧራ ከሆነ ቡናው ቶሎ ደርቆ እንዲነሣልዎት፣ ጉንፋን ከሆነም ወደ ደረትዎ ሳይወርድ እዚያው አፍንጫዎ ላይ ሥራውን ጨርሶ እንዲሄድ ከልብ እመኛለሁ። ለባለቤትዎ፣ ለልጆችዎ፣ እንዲሁም በቅርቡ ለመጣልዎት የቆዳ ወንበር ጤናና ረጅም ዕድሜ ይስጥልኝ።

ወደ ጉዳዬ ከመግባቴ በፊት ግን ከመስከረም ጀምሮ እንቅልፍ የነሣኝን አንድ ከባድ ወንጀል በአደባባይ ማመን ይኖርብኛል። ስለ ፍሪጁ አዲስ ፕሮግራም በተሰጠው ሥልጠና ላይ፣ ሳልጋበዝ፣ ለእናቴ ቁልፍ ላደርስ የመጣሁ መስዬ ገብቼ ከኋላ ተቀምጬ ነበር። በሻይ ዕረፍቱም ሁለት ሳምቡሳ በልቻለሁ። ሁለተኛው የእርስዎ ድርሻ መሆኑን የተረዳሁት ባዶ ሳህንዎን ይዘው ግራና ቀኝ ሲመለከቱ ሲሆን፣ በዚያች ቅጽበት እኔም በኀዘኔታ አብሬዎት ግራና ቀኝ ተመልክቻለሁ። ምስሩ ጨው በዝቶበት ነበር። ይህ ቅጣቴን ያቀልልኝ እንደሆነ ለርኅራኄዎ እተወዋለሁ።

እንግዲህ ማን እንደሆንኩ ዐውቀዋል። የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዋ ላምያ ነኝ፤ የክትባት ፍሪጆቹን የምትጠብቀው የሲስተር ከድጁ ልጅ። "የምትጠብቀው" ልበል ወይስ "ትጠብቅ የነበረችው" የሚለውን ዛሬ ከምሳ በኋላ የሚሰበሰበው የዲሲፕሊን ኮሚቴዎ ይወስናል፤ ክሱም "በቸልተኝነት ክትባት ማበላሸት" የሚል ነው። ደብዳቤዬን ግልጽ ያደረግሁት እርስዎን ለማሳፈር እንዳይመስልዎት። ቢሮዎ የገባ ወረቀት ሲወጣ ያየ ሰው በከተማው ስለሌለ፣ ከውጭ ቢቀር ይሻላል ብዬ ነው። የመሥሪያ ቤቱንም ስም አልጠራም፤ በሩ ላይ ያለው ሰሌዳ ቀለሙ ከለቀቀ ጀምሮ እሱም አይጠራውም።

ስለሆነም ምስጋናዎቼን በተራ ቁጥር እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

1ኛ. ስላልሰጡኝ ፈቃድ አመሰግናለሁ።

እንደሚያስታውሱት፣ ፍሪጆቹን የሰጡን ለጋሾች ከፍሪጆቹ ጋር የሙቀት መለኪያዎችንና መለኪያዎቹ የላኩትን ቁጥር በላፕቶፕ ላይ የሚያሳይ አንድ ፕሮግራም ጨምረው ሰጥተውናል። ፕሮግራሙ ጎበዝ ነው፤ ፍሪጁ ሲሞቅ ወይም ከልክ በላይ ሲቀዘቅዝ ይጮኻል። የሚጮኸው ግን በተቆለፈ ክፍል ውስጥ ላለ ባዶ ወንበር ነበር። እኔም ያን ጩኸት ወደ እናቴ ስልክ መልእክት አድርጎ የሚልክ ነገር ልሥራ ብዬ ቢሮዎ ድረስ ስመጣ፣ "ፈረንጅ የጻፈውን አንቺ ሚዛን ተቀምጠሽ ልታርሚው ነው?" ብለው በጣም ከሳቁ በኋላ በጽሑፍ እንዳመለክት አዘዙኝ። አመለከትኩ። መልሱን ዛሬም በጉጉት እጠብቃለሁ።

ማረም አልፈለግሁም ነበር፣ ክቡር ሆይ። ፕሮግራሙ የተጻፈው ሲ ፕላስ ፕላስ በሚባል ቋንቋ ነው፤ እኔ ደግሞ ቴፒ ካምፓስ የሚማረው የአክስቴ ልጅ ጀይላን በፍላሽ ካመጣልኝ መጽሐፍ የተማርኩት ፓይተን የሚባለውን ብቻ ነው። ነገር ግን የፕሮግራሙ ጸሐፊዎች አርቀው አሳቢ ስለነበሩ፣ በሌላ ቋንቋ የሚጽፍ ሰው የሚገባበት በር ትተውለታል። በፕሮግራሙ ውስጥ ኦብጀክት የሚባሉ ነገሮች አሉ፤ አንደኛው "ፍሪጅ" ይባላል፣ ሌላው መለኪያዋ በየጊዜው የምትመዘግበው "ንባብ" ነው። ኦብጀክት ማለት በእርስዎ መሥሪያ ቤት አምሳል የተፈጠረ ነገር ነው ብል አልተሳሳትኩም። ውስጡን ማንም አያይም። ፊት ለፊት ኢንተርፌስ የሚሉት አንድ መስኮት አለው፤ በመስኮቱ ምን ምን መጠየቅ እንደሚቻል አስቀድሞ ተወስኗል፤ ከዚያ ውጭ የጠየቀ፣ ወይም በትክክለኛው ቃል ያልጠየቀ፣ ተመልሶ ይሄዳል። ልዩነቱ፣ ኦብጀክቱ በትክክል ለጠየቀው ሰው ወዲያውኑ መልስ መስጠቱና ለምሳ አለመውጣቱ ነው።

ሁለቱን ቋንቋዎች መሃል ገብቶ የሚያገናኘውን ዕቃ ያመጣልኝ ያው ጀይላን ነው። "ላምዬ፣ ይሄ ያገናኝሻል፤ ጠባይ ግን የራስሽ ነው" አለኝ። እውነቱን ነበር። ፓይተን ሲቆጥር ከዜሮ ይጀምራል፤ ያኛው ፕሮግራም ፍሪጆቹን ሲቆጥር ከአንድ ይጀምራል፤ ስለዚህ የመጀመሪያውን ፍሪጅ በጠየቅሁ ቁጥር እንደዚህ ያለ ፍሪጅ የለም እየተባልኩ፣ ከኋላዬ ቆሞ የሚያቀዘቅዘውን ፍሪጅ እያየሁ ስከራከር ዋልኩ። ሌላም ነበር። ከኦብጀክቱ ጋር ጉዳዩን የጨረሰ ሰው "ጨርሻለሁ፣ ልቀቀኝ" ካላለ ፕሮግራሙ አልዘጋም ብሎ ይቆያል፤ እናቴም ልትዘጋው እየታገለች "ምነው ይሄ ደግሞ? እንደ ዘመድ ቁጭ አለሳ!" ትል ነበር። በመጨረሻ ግን ተግባቡ። አንድ ቀን ጠዋት የፍሪጁን በር ሆነ ብለን ከፍተን ብንቆይ፣ የእናቴ ስልክ በኪሷ ውስጥ ጮኸ። መልእክቱ "ፍሪጅ 1 ሞቋል" ይላል። እናቴ በሩን ዘግታ ስልኩን ዐይኗ ድረስ አቅርባ ካየችው በኋላ "አሁን ይሄ ፍሪጅ ነው የጻፈልኝ?" አለችኝ። እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

2ኛ. ሥራዬን የራስዎ ስላደረጉት አመሰግናለሁ።

ያልፈቀዱት ፕሮግራም በደንብ መሥራቱን እንደሰሙ ለበላይ አካል ባቀረቡት ሪፖርት "መሥሪያ ቤታችን በራሱ አቅም የዘረጋው ዘመናዊ የማስጠንቀቂያ ሥርዓት" ብለው ጠርተውታል። ቴፒ ባለው ማከማቻም እንዲጫን አዘዋል፤ የጫነውም ጀይላን ነው። ከዚህም አልፈው እናቴ እሁድ እሁድ እየመጣች ፍሪጆቹን ማየቷን "ቴክኖሎጂ እያለ ምን ያመላልስሻል፣ ሲስተር? እረፊ እንጂ" ብለው አስቀርተውላታል። እናቴም በሥራ ዘመኗ ለመጀመሪያ ጊዜ እሁድን ቤቷ ዋለች። ይህን ቸርነትዎን የማነሣው፣ አሁን በክሱ ላይ ያው ሥርዓት "ያልተፈቀደ የልጅ መጫወቻ" ተብሎ ስላየሁት ነው። ፕሮግራሜ በሁለቱ ሪፖርቶች መካከል አንድም ፊደል አልተቀየረም።

3ኛ. የሀገራችንን ሰዓት ስላስከበሩልን አመሰግናለሁ።

በጥቅምት ወር ለጋሾቹ ከአዲስ አበባ ሊጎበኙን ሲመጡ ቀጠሯቸውን 9፡00 ብለው ጻፉ። እርስዎም እንደ ማንኛውም ጤነኛ ኢትዮጵያዊ ዘጠኝ ሰዓት ማለት ከሰዓት በኋላ ነው ብለው አረፋፈዱ። እነሱ ጠዋት በሦስት ሰዓት ደርሰው፣ ከዘበኛው በቀር የሚያናግራቸው አጥተው፣ ለዘበኛው የጉብኝት ቆብ ሰጥተው ሄዱ። ቆቡን እስከ ዛሬ ስለሚያደርገው የደረሰብዎትን ስሜት እረዳለሁ።

ነገር ግን ስሜትዎ ሰርኩላር ሆኖ መጣ፦ "ከዛሬ ጀምሮ በመሥሪያ ቤቱና በሥሩ ባሉ ማከማቻዎች የሚገኙ ኮምፒውተሮች በሙሉ በሀገራችን ሰዓት እንዲቆጥሩ ይሁን።" ኮምፒውተር ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሦስት እንዲል ማድረግ የሚቻለው ሰዓቱን በስድስት ወደኋላ በመመለስ ስለሆነ፣ ሁሉም ተመለሱ። የክትባት ክፍሉም ላፕቶፕ ተመለሰ። ሁላችንም ወደድነው። እናቴም "ተመስገን፣ ከእንግዲህ በጣቴ መቁጠር ቀረልኝ" አለች። እኔም አጨበጨብኩ፤ በዚህ ነጥብ ላይ ራሴን ነጻ አላወጣም።

የሙቀት መለኪያዋ ግን የራሷ ሰዓት አላት። በፋብሪካ ተሞልታ የመጣች ስለሆነች ሰርኩላር አይደርሳትም።

አሁን፣ ክቡር ሆይ፣ በትዕግሥት ቢያዳምጡኝ፣ የእናቴ ጉዳይ በሙሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። የእኔ ፕሮግራም በየሩብ ሰዓቱ በዚያ መስኮት ቀርቦ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፦ "እስከ አሁን ከተለካው የመጨረሻውን ንባብ ስጠኝ።" "አሁን" ስንት ሰዓት እንደሆነ የሚያውቀው ከላፕቶፑ ነው። ላፕቶፑ በእርስዎ ትእዛዝ ጠዋት ላይ "ሦስት ነው" ይላል። ለመለኪያዋ ግን ሦስት ማለት ገና ያልነጋበት ሰዓት ነው፤ ስለዚህ ኦብጀክቱ በታማኝነት ያልነጋበትን ሰዓት ንባብ ያቀብላል። መስኮቱ አልዋሸም፤ የተጠየቀውን መለሰ። ፕሮግራሜም አልዋሸም፤ የተሰጠውን ላከ። ከሰርኩላሩ ቀን ጀምሮ ግን እኛ የምናየው ፍሪጁን ሳይሆን ፍሪጁ ከስድስት ሰዓት በፊት የነበረበትን ሁኔታ ነው። ጥፋቱ የእኔም ነው፤ ሰዓቱን መለኪያዋን ራሷን መጠየቅ ስችል የመሥሪያ ቤትዎን ላፕቶፕ አምኜ ጠየቅሁ። ሁለት ቋንቋዎችን አግባብቼ ሁለት ሰዓቶችን ረሳሁ። ከዚህ በኋላ የመሥሪያ ቤትዎን ላፕቶፕ በማመን አልታማም።

4ኛ. ስለዚያ እሁድ አመሰግናለሁ ማለት አልቻልኩም፤ ቁጥሩ እንዳይዘል ብቻ ጻፍኩት።

መብራት ሄዶ በኃይል ሲመለስ የፍሪጁ ቴርሞስታት ተቃጠለ፤ ፍሪጁም ማቆም የሚገባው ቦታ ላይ ሳያቆም መቀዝቀዙን ቀጠለ። ጠዋት ነበር። እናቴ ቤት ነበረች፤ ልብስ ታጥብ ነበር፤ ስልኳ ከጎኗ ደረቅ ቦታ ተቀምጧል። ከቤታችን እስከ ማከማቻው ድረስ አንድ ዳገት ብቻ ነው ያለው። መልእክቱ በጊዜው ቢመጣ ኖሮ እጇን እንኳ ሳትጠርግ ሄዳ ጠርሙሶቹን ወደ ቀዝቃዛ ሳጥን ታዛውራቸው ነበር። መልእክቱ የመጣው ልብሱ ደርቆ፣ ተጣጥፎ፣ ከምሳም በኋላ ነው። "ፍሪጅ 1 ከልክ በላይ ቀዝቅዟል" ይላል፤ ሮጠን ደረስን፤ ፍሪጁን ስንከፍተው ቀዝቅዞ ሳይሆን በረዶ ሆኖ ነበር።

ለሕፃናት ጭናቸው ላይ የሚወጋው፣ አምስት በሽታ የሚከላከለው ክትባት፣ አንድ ጊዜ በረዶ ከሆነ አለቀለት። እናቴ አንዱን ጠርሙስ አቅልጣ፣ ነቅንቃ፣ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ጠበቀች። ደኅናው ቢሆን እንደ ወተት ተዋሕዶ ይቆያል፤ ይሄኛው ግን ዝቃጩ ወዲያው ወደ ታች ወረደ። ሌላ አነሣች፤ ወረደ። ሌላ አነሣች። "እማዬ፣ ይበቃል" አልኳት። "አይበቃም" አለች። እስኪጨርሱ ድረስ እያንዳንዱን ነቅንቃ አየችው።

እርስዎ በማግስቱ መጥተው "በሚዛን ሙቀት ላይ ክትባት በብርድ ተበላሸ ስትሉኝ እኔ ለበላይ አካል ምን ብዬ ልጻፍ? ይስቁብኛል እኮ!" አሉ። ወደ ማጂ የምትወጣው የክትባት መኪና ቀረች። በዚያ መንገድ ላይ በየቀበሌው ልጆቻቸውን አዝለው የወጡ እናቶች መኪናዋን ሲጠብቁ ውለው ተመልሰዋል። ለእነሱ ምን እንደተነገራቸው አላውቅም፤ ሰው መላኩንም አልሰማሁም። እናቴ ግን ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ የዘይት ጠርሙስ ስታነሣ መጀመሪያ ነቅንቃ ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዛ ታየዋለች። እያደረገችው መሆኑን አታውቀውም። እኛም አንነግራትም።

5ኛ. ስለ ትምህርታዊ ምክርዎ አመሰግናለሁ።

ክሱ እንደመጣ እኔ የጥፋቱን መነሻ ፈለግሁ። እናቴን ለምኜ፣ እሷው ባለችበት፣ መለኪያዋን ከባዶው ፍሪጅ አውጥቼ በብብቴ ውስጥ ያዝኳት። በላፕቶፑ ላይ ያለው የለጋሾቹ ፕሮግራም ወዲያው ጮኸ፤ ሠላሳ ስድስት አለ። የእናቴ ስልክ ግን ዝም። ጠበቅን፤ ዝም። ወደ ቤት ሄድን፤ ምሳ በላን፤ የቤት ሥራዬን ጨረስኩ፤ ፀሐይ ሊጠልቅ ሲል ስልኩ ጮኸና "ፍሪጅ 1 በጣም ሞቋል" አለ። ቀኑን ሙሉ ደኅና የነበርኩ ልጅ ማታ ላይ ትኩሳቴ ተነገረኝ ማለት ነው። ቆጠርነው፤ ልክ ስድስት ሰዓት ነበር፤ ሰዓቱን ወደኋላ የመለሱት በስድስት ነበርና።

ይህን ልንነግርዎት ከእናቴ ጋር ቢሮዎ ስንመጣ፣ ወንበርዎን ወደኋላ አስደግፈው "አንቺ ልጅ፣ ሰዓት ለሰው ነው። ፍሪጅ ምን ቀጠሮ አለው?" አሉኝ። ከዚያም ለእናቴ "ሲስተር፣ ልጅሽን ወደ ትምህርቷ መልሻት፤ ጥፋትን በኮምፒውተር መሸፈን አያዋጣም" አሏት። እናቴም "ይቅርታ ያድርጉልን" አለች። ለምንድን ነው ይቅርታ የምትጠይቀው ብዬ በመንገድ ላይ ጠየቅኋት። የመኪና መንገዱን ስንሻገር፣ እንደ ትንሽ ልጅ፣ እጄን ያዘችኝ።

6ኛ. ስለ ዛሬ ጠዋቱ ስልክ ከሁሉም በላይ አመሰግናለሁ።

ሳያውቁት የሠሩትን ውለታ ልግለጽልዎት። የእናቴ ስልክ ጆሮው ስለተበላሸ የሚሠራው በላውድ ብቻ ነው። ስለዚህ ቁርስ ላይ ሲደውሉ፣ እኔም፣ ታናሽ ወንድሜም፣ ወተት ያመጣችው ሴትም አብረን አዳመጥንዎት። "ሲስተር ከድጁ፣ ከኮሚቴው በፊት ያንን ሰዓት ወደ ፈረንጁ መልሺው፤ ነገር እንዳይበዛ። አንቺ ጥፋቱን ካመንሽ፣ እኔ ከሥራ መሰናበቱ ቀርቶ ዝውውር ብቻ እንዲሆንልሽ እነግርልሻለሁ። አንድ ቤት ነን እኮ!" አሉ። እናቴ "እሺ፣ አቶ ወርቅአፈራሁ" አለች። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ የታጠበውን ብርጭቆ መልሳ አጠበችው። ወተት ያመጣችው ሴት "አይዞሽ" ብላት ወጣች።

"እማዬ፣ እንዳትነኪው" አልኳት።

"ላምዬ፣ ተዪው። ዝውውር ሞት አይደለም። አንቺ ፈተናሽን ከወንድምሽ ጋር አባትሽ ዘንድ ሆነሽ ትጨርሻለሽ።"

"ያላጠፋሽውን አጠፋሁ ልትዪ ነው?"

"ፍሪጁ የኔ ነበር" አለች። ይኸው ነው ያለችው።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ውለታዎ የቱ ላይ ነው ቢሉኝ፣ እርስዎ ሰዓቱ ጥፋት እንዳለበት እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ አላመኑም ነበር። ሰዓት ለሰው ብቻ ከሆነ፣ ፍሪጅም ቀጠሮ ከሌለው፣ ኮሚቴው ከመሰብሰቡ በፊት የሚመለስበትን ምክንያት ለማወቅ ወተት ያመጣችው ሴት እንኳ ቢሮዎ ድረስ መምጣት አላስፈለጋትም።

አንድ ነገር ግን ቀልዴን ትቼ ልንገርዎት። ሰርኩላርዎ ቴፒም ደርሷል። የቴፒው ላፕቶፕም በስድስት ወደኋላ ቆሟል፤ ያው የእኔ ፕሮግራም እዚያም እየሠራ፣ የቴፒው ማከማቻ ሠራተኛዋም እንደ እናቴ እሁድ ቤቷ እየዋለች ነው። ለጀይላን ደውዬለት ነበር። አንድ መስመር ብቻ ነው የሚቀየረው፤ "አሁን" ስንት ሰዓት እንደሆነ ከላፕቶፑ ሳይሆን ከመለኪያዋ መጠየቅ። እሱ ግን "ላምዬ፣ ከናንተው ነገር በኋላ ማንም እንዳይነካው በደብዳቤ ታግዷል፤ ያለ ደብዳቤ ብነካው እኔም ከካምፓስ እባረራለሁ" አለኝ። እናቴ ጥፋቱን ተቀብላ፣ የሚዛኑ ሰዓት በዝምታ ቢመለስ፣ የቴፒው ፍሪጅ በረዶ በሠራ ቀን ሌላ ሲስተር ትከሰሳለች፤ ሌሎች እናቶችም ሌላ መንገድ ላይ ልጆቻቸውን አዝለው ይጠብቃሉ። እርስዎ ያን ጊዜ ማንን አንድ ቤት ነን እንደሚሉ አላውቅም።

ስለዚህ የምለምንዎት ትንሽ ነገር ነው። ኮሚቴው ከመወሰኑ በፊት ከስብሰባ አዳራሹ ተነሥቶ ወደ ክትባት ክፍሉ ይምጣና የላፕቶፑን ሰዓትና የመለኪያዋን ሰዓት ጎን ለጎን ይይ። ማንበብ ለሚችል ሰው ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም። ከዚያ በኋላ ለቴፒ አንድ ደብዳቤ ይጻፍልኝ። መጻፉ ከከበደዎት እኔ አርቅቄ አመጣለሁ፤ ለእርስዎ ፊርማው ብቻ ይቀራል፤ በሪፖርትዎም ላይ እንደ ልማድዎ "በራሳችን አቅም" ብለው ሊጠሩት ይችላሉ። አልከራከርም።

የሥራ ዘመንዎ የተቃና፣ ጉንፋንዎ የአጭር ጊዜ፣ ስብሰባዎ የረጅም ጊዜ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ከስድስት ሰዓት በፊት ለእርስዎ የነበረኝን ሙሉ አክብሮት በትሕትና አቀርባለሁ።

ላምያ ናስረዲን
ያልተፈቀደው የልጅ መጫወቻ ጸሐፊ

ግልባጭ፦
ለዲሲፕሊን ኮሚቴው አባላት በሙሉ
ለማስታወቂያ ሰሌዳው (ሰርኩላሩ ከተለጠፈበት ጎን)
ለቴፒው ማከማቻ

ማሳሰቢያ፦ ይህን የምጽፈው በክትባት ክፍሉ ውስጥ፣ በዚያው ላፕቶፕ ላይ ነው። የእናቴን ቁልፍ ሳላስፈቅድ ወስጃለሁ፤ ሁላችሁም ምሳ ላይ ናችሁ። የመጣሁት ሰዓቱን ለመንካት ሳይሆን ማንም እንዳይነካው ለመጠበቅ ነው፤ የፈራሁትም እርስዎን አይደለም፤ እርስዎ ሰዓት መቀየሪያው የት እንደሆነ እንደማያውቁ አውቃለሁ። የፈራሁት "እሺ" ያለችውን ሴት ነው፤ እናቴ እሺ ብላ የቀረችበት ቀን የለም። እርስዎም ይህንን ስለሚያውቁ ነው ለእሷ የደወሉት፤ በዚህ ብልኅነትዎ መሥሪያ ቤቱ ሊኮራ ይገባዋል። በነገራችን ላይ ይህ

በሩ ተከፈተ።

እናቴ ናት። ነጭ ጋውኗን ለብሳለች፤ ዳገቱን በፍጥነት ስለወጣች ቁና ቁና ትተነፍሳለች። "ላምያ!" አለች፣ ሰው በሚሰማበት ድምፅ፤ ከወንበሩ ተነሣሁ። ወደ ላፕቶፑ መጣች። እጇን ወደ ማውሱ ልትሰድ ነው ብዬ ዐይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው ተመልሳ ሄዳ፣ እኔ እላዩ ላይ ትቼው በነበረው ቁልፍ በሩን ከውስጥ እየቆለፈች ነበር። ቁልፉን ኪሷ ከታ፣ ሌላ ወንበር ጎትታ አጠገቤ አስቀመጠች፤ የላፕቶፑን ሰዓት አየችው።

"እዚሁ መጥተው ይዩት" አለች። "ጠጋ በይ፣ ላምያ።"